የጠራው ሰማይ ትርጉም

መምህር ከፋለ ፍሬወይኒን ማየት አይወዱም፤ እሷስ ብትሆን፣ ምን በወጣት! ጦርነቱ ትምህርቷን አቋርጦባት፣ በዕድሜ ከሚያንሷት ጋር ተቀምጣ የምትማር ሴት ናት። አምና በዚሁ የሥነ ግጥም ትምህርት ጥለዋታል። የዛሬውን የቃል ፈተናም ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች፤ አስተማሪ መሆን የሚባል ነገር አከተመ።

ከፋለ መስኮቱ ሥር ተንሰራፍተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሁለተኛዋ ፈታኝ፣ መምህርት የትምወርቅ አሉ፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ውጤቱ አይጸድቅም። ሁለቱም የሸዋ ሰዎች ናቸው። ከፋለ ያንን ክፉ ጊዜ አዲስ አበባ ነበሩ፤ የትምወርቅ ግን እዚሁ ከተማ፣ ሓድነት ሰፈር፣ ባላቸው ቤት አሳለፉት።

ግጥሙ የእንግሊዝ ነው፤ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ልባቸው ከሚሸበረው የሮማንቲክ ገጣሚዎች የአንዱ። ክረምቱ አለፈ፣ ደመናው ተገፈፈ ይላል።

«የጠራው ሰማይ ምንን ይወክላል?»

«ፍርሃትን፣ መምህር።»

«ምን አልሽ?»

«ሰውየው ደስ ብሎታል። መጨረሻ ላይ ግን ‹አሁን የሚከልለኝ የለም› ይላል። ደስታው ውስጥ ፍርሃት አለ።»

«ተስፋ ነው! ይሄን ጉድ ከየት አመጣሽው?»

«ከቤቴ። ደመና ሲሆን እናታችን ገበያ ትልከን ነበር። ሰማዩ ሲጠራ በር ትዘጋብናለች፤ ድሮን የሚመጣው ያኔ ነዋ! መድሃኔ ወንድሜም የሞተው ሰማዩ በጠራ ቀን ነው።»

«የቤትሽን ለቅሶ እዚህ አታምጪብኝ! ገጣሚው ድሮን የት ያውቃል?»

ደሟ ፈላ። «ከለላ ማጣትን ያውቃል!»

«አንቺ ልጅ፣ ተስፋ በይና ውጪልን!» ሲሉ የትምወርቅም ተቆጡ። «ምን ያደርቅሻል?»

እሳቸውም ጨከኑባት ማለት ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ብትላት ታልፋለች። የወንድሟ ፊት መጣባትና ምላሷ እምቢ አለ።

«ኣይብልን!» አለች፣ አማርኛው ጠፍቶባት። «አልልም!»

ከፋለ ጊዜ አላጠፉም፤ «ወድቃለች» ብለው ጻፉ።

ያኔ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። በየቀኑ ሰው ጭኖ የሚያርፈው ነው፤ የማያውቀው የለም። ፍሬወይኒ ግን ሳታስበው ከመስኮቱ ርቃ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ዞር ብትል የትምወርቅ ከጎኗ ቆመዋል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም።

ከፋለ ብቻቸውን መስኮቱ ሥር ቀሩ። «ምን ሆናችኋል? ነይ ፈርሚ እንጂ!»

«እዚያ አልመጣም።»

ከፋለ እያጉረመረሙ ወረቀቱን ይዘውላቸው መጡ። የትምወርቅ ተቀበሉና ለሁለት ቀደዱት።

«አብደሻል? ተስፋ በይ ያልሻት አንቺ ነሽ እኮ!»

«እንድታልፍ ብዬ ነዋ! ልክ ስለሆነ መሰለህ?» አሉ የትምወርቅ። «አሁን ደግመን እንፈትናታለን፤ እኔ ነኝ የምጠይቃት። እስከዚያ ጫማዬን አምጣልኝ፤ መስኮቱ ጋ ቀርቷል።»