የበርሜሉ ውሃ

ሁለት ጀሪካን እኮ ነው፣ አፉ ድረስ የሞላ ሁለት ጀሪካን፣ ከለገዳራ ወንዝ ተነስታ ያንን ዳገት በጭቃ እየተንሸራተተች ያወጣችው ራሷ ራዚያ ናት፣ ማንም እንዲያስታውሳት አትፈልግም፣ እና አሁን ጓድ ፈለቀ የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፎ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ በሰፊው ሕዝብ የነቃ ተሳትፎ ተገንብቶ አገልግሎት እየሰጠ የሚገኘው የቦኖ ውሃ እያለ ያነባል፣ እየሰጠ የሚገኘው፣ ለማን፣ ለየትኛው ጉሮሮ፣ ራዚያ ከሴቶቹ አግዳሚ ላይ ሆና ቦኖውን በመስኮት ታየዋለች፣ ግቢው መሀል ቀይ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል፣ ከመስከረሙ የአብዮት በዓል ወዲህ አንድ ጠብታ አልወረደውም፣ አፉ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች።

ዝም በይ፣ ትላለች ለራሷ። ዛሬ ዝም በይ ተብለሻል።

ያላት ኸድሩ ነው፣ ባሏ፣ አሁን ከወንዶቹ መሀል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን የሚያየው፣ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል፣ አደራሽን ራዚያ፣ የሱቁ ፈቃድ የሚታደስበት ሳምንት ነው፣ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ ያው ሰውዬ ነው፣ አፍሽን ያዢልኝ፣ እሷም እሺ አለች፣ እሺ ማለት ምን ይከብዳል፣ አስራ ሰባት ዓመት ስትለው የኖረችው ቃል ነው። ኸድሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጨርቅ በጀርባው አዝሎ ከጨለለቅቱ ገበያ ቡሌ ገበያ እየዞረ፣ የቡሌን ብርድ በአንዲት ኩታ እየቻለ፣ በዘጠኝ ዓመት ያቆማት ሱቅ ናት፣ የሚበሉት ከእሷ ነው የሚለብሱት ከእሷ ነው፣ እና ያችን ሱቅ አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ትዘጋታለች፣ የዚያን የባለሱቁን የባህሩዲንን ሱቅ አሽገውበት አይደል፣ ስምንት ወር፣ ሲከፈትለት ስኳሩን ጉንዳን ጨርሶት አልነበር፣ ሰውየው እስከ ዛሬ መጋዝ እየሳበ በቀን ሥራ ነው የሚያድረው። ታውቃለች። ይህንን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች።

ኡስማን ልብስ ሰፊው ተነሳ። ጎሽ ኡስማን፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ነው የመጣው፣ ጓድ ሊቀመንበር ለማወቅ ያህል ነው ይላል፣ ያዋጣንበት ቧንቧ፣ ማለቴ መሬት ውስጥ የሚቀበረው፣ የት ደረሰ። ጓድ ፈለቀ መነጽሩን አውልቆ ይጠርገዋል፣ ለቧንቧው የተዋጣው በሥራ አመራሩ ውሳኔ በጊዜያዊነት ለበዓሉ ቅስት ተዛውሯል፣ ጓድ ኡስማን ቅስቱን አላየኸውም፣ አየሁት፣ አላማረም፣ ኧረ አምሯል፣ እንግዲያው ጥያቄው የራስህ ነው ወይስ የላከህ አለ፣ የላከኝ የለም ጓድ፣ ለማወቅ ያህል ነው፣ ተቀመጠ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ኪሱ ከተተው። ከኋላ አንዱ፣ ጓዶች ያለ ቦኖ ስንት ዘመን የኖረ ከተማ ነው ዛሬ ምን አጣደፈን ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ አንተማ የጭነት መኪናህ በበርሜል ያመጣልሃል፣ ሚስትህን አንድ ቀን ለገዳራ ላካትና እናይሃለን፣ ሳቅ፣ ማጉረምረም፣ ቶሎ ይለቀቅ እንጂ የቡና ለቀማ ላይ ነን፣ ሬኮ ካለው ቤቴ ቡናዬን አስጥቼ ነው የመጣሁት፣ ሥርዓት ጓዶች፣ ሥርዓት፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃው ሽብሩ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል። ቅስቱን ራዚያም አይታዋለች። ጣውላና ቆርቆሮ ነበር፣ በሁለተኛው ዝናብ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ አሁን ፍየል ይታሰርበታል።

ፍየሏ እንኳ ተጠቅማለች።

ግን በርሜሉ፣ በርሜሉ ነው ከሆዷ አልወጣ ያላት። በበዓሉ ዋዜማ የሴቶች ማኅበር ተጠራ፣ ከአውራጃ ትልቅ እንግዳ መጥቶ ቦኖውን ይመርቃል፣ በነጋው ከየቤቱ ሁለት ጀሪካን ወይም ሁለት እንስራ ውሃ ይምጣ፣ ለምን ያለ የለም፣ ዘመቻ ከተባለ ዘመቻ ነው፣ ሲያመጡ ሽብሩ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ እየተቀበለ ከቦኖው ጀርባ ድንጋይ ካብ ላይ ወደተቀመጠ የናፍጣ በርሜል ይገለብጠዋል፣ ከበርሜሉ እስከ ቦኖው ክንድ የማትሞላ የጎማ ቱቦ ተቀጥላለች፣ ከላይ ደግሞ ትልልቅ የእንሰት ቅጠል ለጌጥ ተብሎ ተደርድሯል፣ እንግዳው መጣ፣ ሪባኑን ቆረጠ፣ ቧንቧውን ዘወረ፣ ውሃው ተንዠቀዠቀ፣ በእፍኙ ቀድቶ ጠጣ፣ ፊቱ ጭምድድ አለ፣ ናፍጣ ነዋ፣ ከናፍጣ በርሜል ሌላ ምን ይወጣል፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ የትግላችሁን ጣዕም ቀመስኩት አለ። ሰው አጨበጨበ። ራዚያም አጨበጨበች፣ በገዛ ወገቧ ላወጣችው ውሃ፣ መዳፏ እስኪግል አጨበጨበች። ቤት ገብታ የሰውየውን ፊት ለኸድሩ እያስመሰለች ስታሳየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። እንደዚያ የሳቁት ስለ ወርቂቱ እግር እስኪሰሙ ነው።

ወርቂቱ ከኋላዋ ነበረች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ደጃፍ ለደጃፍ ጎረቤቷ ናት፣ ራዚያ ስትወልድ አርባ ቀን ያረሰቻት ወርቂቱ፣ እንስራዋን በጀርባዋ አዝላ ከኋላዋ ትወጣ ነበር፣ አንቺ ቀስ በይ፣ አንቺ ራስሽ ቀስ በይ፣ ሲሳሳቁ ነበር፣ ከዚያ ሸክላው፣ ሸክላ ሲሰበር ድምፁ ከጆሮ አይወጣም፣ ዞር ስትል ወርቂቱ ጭቃው ላይ ናት፣ አንድ እግሯ ከስሯ ታጥፏል፣ ሁለት ጀሪካን መሬት ማስቀመጥ ምን ነበረበት፣ ምን ነበረበት ራዚያ፣ ከላይ ቶሎ በሉ ሰውየው ደርሷል እያሉ ይጮኻሉ፣ ወርቂቱ ሂጂ አለቻት፣ ሂጂ እኔ እነሳለሁ፣ ሂጂ ስላለቻት ሄደች። አይ፣ ውሸት። ስለፈራች ሄደች። ወርቂቱን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ቤቷ አስገቧት፣ ወጌሻ አሸው፣ አጥንቱ ተንጋዶ ገጠመ፣ ይኸው ሦስተኛ ወሯ ከመደብ አልወረደችም፣ ራዚያ በየቀኑ ሾርባ ይዛ ትገባለች፣ ወርቂቱ ተመስገን ነው ትላለች፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን ትተሽኝ ሄድሽ አላለቻትም። ብትላት ይሻላት ነበር።

እና ዛሬ ጠዋት ስም ሲጠራ፣ ጸሐፊው ሸምሰዲን ወርቂቱ ላይ ሲደርስ ቀሪ አለ፣ እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ሰረዝ አደረገባት፣ ሦስተኛዋ ናት፣ ሦስት ጊዜ የቀረ ከኅብረት ሱቁ ስኳር አያገኝም። እትዬ ጽጌማርያም ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ፣ ኧረ እግሯ ተሰብሮ ነው ልጄ፣ የሐኪም ወረቀት ታቅርብ እናቴ፣ ወጌሻ ወረቀት ይጽፋል እንዴ፣ መመሪያ ነው እናቴ፣ እኔ ያወጣሁት አይደለም፣ እንግዲያው ቀሪ ናት። ሰረዟ ትንሽ ናት፣ ከዚህ አትታይም፣ ራዚያ ግን ከዚህ ሆና ታያታለች። ውሃ ሲሞላ ተገኝታለች፣ ያን ቀን ማን ስሟን ጠራ፣ ማን ተገኝታለች ብሎ ጻፈላት፣ ለበርሜሉ ሲሆን አለች፣ ለስኳሩ ሲሆን ቀረች። አንድ ኪሎ ስኳር ከሱቅ አውጥቼ እሰጣታለሁ፣ ብላ አስባ ነበር ራዚያ፣ ሁለት ኪሎም፣ ነገሩ በስኳር የሚያልቅ መስሏት።

አሁን ጓድ ፈለቀ ወረቀቱን አጥፏል። ሪፖርቱ በድምፅ ይጽደቅ፣ ከዚሁ ጋር ለሁለተኛው ቦኖ በየቤቱ አምስት አምስት ብር መዋጮ ይወሰን ይላል። ሁለተኛ ቦኖ። ሰማሽ ራዚያ፣ ሁለተኛ፣ ሌላ በርሜል ሊፈልግ ነው፣ ሌላ ዳገት የሚወጣ ወገብ፣ ሌላ እግር፣ የሚቀጥለው የማን ይሆን፣ የጽጌማርያም፣ የኡስማን ሚስት፣ ያንቺው ይሆን፣ የምትደግፉ፣ እጆች ይነሳሉ፣ ለመፈክሩ ግራ እጅ ማንሳት ስለለመዱ ለድጋፉም የሚነሳው ግራ ነው፣ የአዳራሹ ግራ እጅ ሁሉ ወጣ፣ የኡስማንም፣ የእትዬ ጽጌማርያም ከነጠላው ሥር ግማሽ ድረስ፣ ኸድሩ፣ የኸድሩ እጅ የት አለ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ጀርባ ከልሎታል፣ የራዚያ ሁለቱም እጆች ጭኗ ላይ ናቸው፣ ሁለቱንም ታያቸዋለች፣ እነዚህ ናቸው ያጨበጨቡት፣ እነዚህ ናቸው ጀሪካኑን ያላስቀመጡት። ዛሬ ደግሞ ምን ልታደርጊባቸው ነው። እትዬ ጽጌማርያም በክርናቸው ጎሸም ያደርጓታል፣ አንሺ እንጂ ልጄ፣ ያዩሻል።

ይዩ።

የምትቃወሙ፣ ይላል ጓድ ፈለቀ፣ ለወጉ ነው የሚጠይቀው፣ ፊቱን ወደ ጸሐፊው አዙሯል፣ ሸምሰዲንም በሙሉ ድምፅ የምትለዋን ጽፎ ከጨረሰ ቆይቷል፣ ከዚህ አዳራሽ ሌላ ነገር ተጽፎ አያውቅም፣ ሱቁ፣ ሱቁ፣ የባህሩዲን መጋዝ፣ አፍሽን ያዢልኝ፣ እሺ፣ እሺ ብያለሁ፣ አፌን ይዣለሁ፣ ስለ እጅ ያልከኝ ነገር የለም ኸድሩ፣ እና እጇ ወጥቷል፣ መቼ እንደወጣ አላወቀችም፣ ቀኟ ነው፣ የምትበላበት እጅ፣ ብቻውን ከዚያ ሁሉ ራስ በላይ ቆሟል።

ጓድ ራዚያ፣ ጥያቄ ነው፣ አይ ጓድ ሊቀመንበር፣ ድጋፍሽ ዘግይቶ ነው፣ አልዘገየም፣ ታዲያ ምንድን ነው፣ ተቃውሞ ነው። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው፣ ሰማው፣ ሁሉም ሰማው። ጓድ ፈለቀ መነጽሩን መልሶ ያደርጋል፣ የኸድሩ ባለቤት አይደለሽም፣ የባለሱቁ፣ ለስለስ አድርጎ ነው የሚጠይቀው፣ ይሄ ለስላሳው ነው የሚያስፈራው፣ ነኝ ትላለች፣ ሱቁ የኸድሩ ነው፣ እጁ የኔ ነው። አንድ ሰው ሳል እንደያዘው ሰው ሳቁን ይውጣል። ከጀመርሽው ጨርሺው እንግዲህ፣ ቦኖው ውሃ የለውም ጓድ፣ መስኮቱ ያው ክፍት ነው፣ ወጥታችሁ ዘውሩት፣ በርሜሉን የሞላነው እኛ ነን፣ እኔ ሁለት ጀሪካን አምጥቻለሁ፣ ወርቂቱ እንስራዋንም እግሯንም እዚያ ዳገት ላይ ትታለች፣ ስትወድቅ አይቻት ትቻት የመጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱ የኔ ዕዳ ነው፣ ቀሪ ናት የተባለው ግን የናንተ ነው፣ ይሰረዝላት፣ መቃወሜም ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ።

ማንም ወጥቶ አይዘውርም። መዘወር ሳያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፣ ግማሹ አዳራሽ እዚያ በርሜል ውስጥ ውሃ አለው። ይህ አሻጥር ነው ይላል ጓድ ፈለቀ፣ ግን ቃሉ እንደሌላው ቀን አይወጣለትም፣ ሸምሰዲን እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ስንት ልበል ጓድ ሊቀመንበር ይላል፣ ስንት ልበል፣ አንድ በል ትለዋለች ራዚያ፣ አንድ ብለህ ጻፍ፣ አንድ ትንሽ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ምንም አልነበረም።

ኸድሩን ታየዋለች አሁን። ከፊቱ ያለው ሰው ዘወር ብሏል። ኸድሩ ከኪሱ የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል፣ ሊያሽጉ ሲመጡ እንዳይፈልጉት፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ እሷን ግን አይቆጣትም፣ ያያታል ብቻ፣ ግራ እጁም ቀኝ እጁም ቁልፉ ላይ ናቸው። አላነሳም ማለት ነው። ለእነሱም አላነሳም።

ከዚያ በሩ አካባቢ እግር ይንቀሳቀሳል፣ ሽብሩ ነው፣ የጌዴኦው ሽብሩ፣ በአማርኛ አፉን ያልፈታው፣ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ጠመንጃውን ልክ እንደዚያ ቀን ግድግዳ ያስደግፋል፣ ጓድ፣ እሷ ውሸት አልተናገረም፣ ይላል፣ በርሜል የሞላ እኔ ነው፣ ቅጠል ያለበሰ እኔ ነው፣ ያ ሴትዮ ሲወድቅም ከላይ ሆኖ እኔ አይቷል፣ ሁለት ጻፍ።

ሸምሰዲን ይጽፋል። ራዚያ ክንዷ መዛል ጀምሯል፣ ያን ዕለት ጀሪካኑ ያዛላት ክንድ ነው፣ እትዬ ጽጌማርያም ከጎኗ ቀኝ እጃቸውን ሊያወጡ ነጠላቸውን ይፈታሉ፣ ጓድ ፈለቀ ስብሰባው ተበትኗል ይላል፣ ተበትኗል ብያለሁ፣ ማንም አልተነሳም፣ እሷም እጇን አታወርድም፣ ያን ቀን ማስቀመጥ ሲገባት አላስቀመጠችም፣ ዛሬም አታስቀምጥም።