ዝናብ የሚያውቅ ሰው

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከፈለኝ ወደ ለቅሶው ዳስ የገባው መዝገብ በብብቱ ሸጉጦ ነበር። «ያጥናችሁ» አለና የጎማ ካፖርቱን ሳያወልቅ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ ስም ጠየቀ፤ ጻፈ። ቀጥላ ያለችውን ሴት ጠየቀ፤ ጻፈ። የብሔራዊ ሸንጎው ምርጫ እሑድ ነው። ለቅሶ ላይ ነበርኩ ብሎ የሚቀር እንዳይኖር፣ ለቀስተኛው ከዳሱ ተሰልፎ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው እንደሚሄድ በሹክሹክታ አስረዳ። የሚያንሾካሽከው ለሀዘኑ ክብር ሲል ነበር።

ታረቀኝ ተራው ሲደርስ ፊቱን ወደ ደጁ አዞረ።

«ያንተንስ አውቀዋለሁ» አለ ከፈለኝ እየጻፈ። «መምህር ታረቀኝ ባልቻ።»

የእርጥብ ጎማው ሽታ ዳሱን ሞላው። አባቱ አቶ ባልቻ የተቀበሩት ገና ትናንት ነው። ከሽታው ይልቅ ታረቀኝን ያስመረረው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ አባቱ በሕይወት ቢኖሩ ለዚህ መዝገብ ስማቸውን በፈቃዳቸው፣ ያውም ከሁሉ ቀድመው ይሰጡ እንደነበር ያውቃል።

አቶ ባልቻ እስከ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ድረስ ጭሰኛ ነበሩ። የተከሉት ቡና የእሳቸው አልነበረም፤ ቡናውን የሚያጠላው ዛፍም፣ ከዛፉ ሥር ያለው እንሰትም የባላባቱ ነበር። የመሬቱ አዋጅ የተነገረ ቀን ከቤት ወጥተው የቡናውን ግንድ ሁሉ በመዳፋቸው ሲዳብሱ እንደዋሉ ሚስታቸው ሙሉካ ትናገራለች። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት መንግሥትን ማማት አይቻልም። የጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ዝም አሉ። የጎረቤት ልጆች ለጦር ሜዳ ሲታፈሱም ዝም አሉ። ሲብስባቸው ቅጠሉን ትል ቢበላውም ሥሩ ደህና ነው ይሉ ነበር።

ዲላ የሚያስተምረው ልጃቸው ታረቀኝ ደግሞ ሥሩንም ቅጠሉንም የማያምን ሰው ሆኖ ነበር። በግንቦት ወር ለእረፍት መጥቶ ሳለ አባቱ የእጩዎቹን ምልክት የያዘ ወረቀት አወጡለት። የዋናው እጩ የጓድ ግዛቸው ምልክት ቀጭኔ ነው። በመንደራቸው በኢዲዶ ቀጭኔ ያየ ሰው የለም። አንገቱ የረዘመው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ እኛን ለማየት ነው እያሉ ጎረቤቶቻቸው ይስቁ ነበር፤ አቶ ባልቻ ግን አልሳቁም። ቤት ለቤት እየዞሩ ምልክቱን የሚያስረዱት እሳቸው ነበሩ። ታረቀኝ ከሦስቱ እጩዎች የሚያልፈው ከወዲሁ እንደታወቀ፣ ሁለቱ ለአጃቢነት የቆሙ እንደሆኑ ነገራቸው።

«ባላባቱ ደጅ ስቆም ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉት አባቱ። «ዛሬ ሦስት ሥዕል አምጥተው የቱ ይሻልሃል ይሉኛል።»

«አባ፣ መልሱን እኮ ራሳቸው ጽፈው ጨርሰውታል።»

«ይሁን፤ ጠይቀውኛል። አንተ ሳይጠየቁ መኖር ምን እንደሆነ አታውቅም።»

ታረቀኝ አባቱን በዚያን ቀን ናቃቸው። ምሳ ሳይበላ ወደ ዲላ ተመለሰ። ዳግመኛ ሲመጣ አስከሬን ነው የጠበቀው።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን አጥፎ ከሄደ በኋላ አቶ ኸድሩ መጡ። ይርጋ ጨፌ ሱቅና አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ከአባቱ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። ያመጡትን ስኳር ለሴቶቹ ሰጥተው ከታረቀኝ አጠገብ ተቀመጡና ግራ ቀኝ አይተው ስላለፈው ቅዳሜ ነገሩት። ገበሬው እጩውን ጓድ ግዛቸውን ለመቀበል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዳር እንዲሰለፍ ታዞ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰዉ በጓሮ በጓሮ እየሾለከ መሄድ ጀመረ፤ አቶ ባልቻ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እጩው የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መኪናው ቆመ፤ መስተዋቱ ግማሽ ድረስ ወረደ፤ አንድ እጅ ወጥቶ ተወዛወዘ፤ ፎቶ ተነሳ፤ መኪናው ሄደ። አቶ ባልቻን ሲያንቀጠቅጣቸው ወደ ቤት ያደረሷቸው አቶ ኸድሩ ናቸው። ደረታቸው ድሮም ደካማ ነበር። ማክሰኞ ዐረፉ።

«ቀን ላይ መኪናዬ ጋቢና ውስጥ ይግቡ ብዬ ለምኛቸው ነበር» አሉ አቶ ኸድሩ። «እምቢ አሉኝ። ‹ይህ ሰው ዝናብ ያውቃል፤ ይመጣል› አሉኝ።»

አቶ ኸድሩ ነገሩ አልገባቸውም ነበር። ታረቀኝ ግን ገባው።

በሚያዝያ ወር ዲላ ያለው የምርጫ ቅስቀሳ ክፍል ጠርቶት ነበር። አማርኛው ጥሩ ነው ተብሎ የጓድ ግዛቸውን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ ታዘዘ። የሰጡት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ነው፦ የተወለደበት ከተማ፣ የወሰዳቸው ኮርሶች፣ የሠራባቸው ቢሮዎች። የግዛቸው አባት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ይህን ገበሬው የሚወደው አድርገህ ጻፈው አሉት። አልጽፍም ያለ አንድ መምህር ባለፈው ዓመት ቦረና ጠረፍ ተዛውሮ ነበርና ታረቀኝ እሺ አለ። ተከራይቶ በሚኖርባት ክፍል ቁጭ ብሎ፣ እየተጸየፈ፣ በቀልጣፋ እጅ ጻፈው። ልጅነቱ ጋ ሲደርስ የሚጽፈው አጣ። ያኔ የአባቱን ታሪክ አወጣ።

አቶ ባልቻ በወጣትነታቸው አንድ ክረምት ባላባቱ ማር አምጣ ብሎ አስጠርቷቸው፣ ሙሉ ማሰሮ ተሸክመው ደጁ ላይ ሦስት ቀን ቆመዋል። መሬቱ ጭቃ ስለነበር ማሰሮውን ማስቀመጥ አልደፈሩም። በሦስተኛው ቀን አንድ አሽከር ወጥቶ ማሩን ተቀበለና ሂድ አላቸው። ይህን ለልጃቸው ሲነግሩት ሁልጊዜ የሚጨርሱት በአንድ ቃል ነበር፦ ‹ፈረሱ ከዳስ ሥር፣ እኔ ከዝናብ ሥር።› ታረቀኝ ማሰሮውንም፣ ጭቃውንም፣ ፈረሱንም ወስዶ ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ሰጣቸው፤ ትንሹን ግዛቸውን ደግሞ ከጎናቸው አቁሞ አስለቀሰው። ጽሑፉ በየገበያው በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ሰው እንባውን እንደጠረገ ሰምቶ ነበር። ሲሰማ ስቋል።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሁለት መኪኖች ከዳሱ ፊት ለፊት ቆሙ። ጓድ ግዛቸው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። የታሸገው ጸሎት ቤት አንድ ሽማግሌ መዝሙር ጀምረው ነበር፤ ከፈለኝ ሮጦ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ሲላቸው መዝሙሩን ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ጎረቤት ለለቀስተኛ ያዋጣው በግ ለእንግዶቹ ታርዶ ነበር። ግዛቸው ፊቱ የሚያብለጨልጭ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሰው ነው። ቆጮውን ወደ ጎን ገፍቶ ሥጋውን እየመረጠ በላ፤ አጥንቱን ጋጠ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ። ሀዘንተኛው ሁሉ አፉን እያየ ይጠብቀው ነበር። ከዚያ በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ ተነሣ።

ሟቹ ለአብዮቱ ዘብ እንደቆሙ የወደቁ ጀግና ናቸው አለ። እሑድ ለቀጭኔ የሚሰጥ ድምፅ ለእሳቸው የሚቆም ሐውልት ነው አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ ብሎ ጀመረ። ማሰሮውን አነሣ። ጭቃውን አነሣ። ዓርፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር ከፈለኝ ወደ ጌዴኦኛ ይመልሰዋል።

«ፈረሱ ከዳስ ሥር፣ አባቴ ከዝናብ ሥር» አለ ግዛቸው፤ መሐረብ አውጥቶ ደረቅ ዓይኑን ነካ ነካ አደረገ።

ከፈለኝ ተረጎመው። ቃሉ አቶ ባልቻ ይናገሩበት ወደነበረው ቋንቋ ሲመለስ ልክ እሳቸው እንደሚሉት ሆኖ ወጣ። ከሴቶቹ መካከል ሙሉካ ቀና አለች። ተናጋሪውን አላየችም፤ ልጇን አየችው።

ከፈለኝ ማጨብጨብ ጀመረ። ከመኪናው የወረዱት አጨበጨቡ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ይጨበጨባል ወይ ብሎ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው እያለ ሁሉም አጨበጨበ። ታረቀኝ የራሱ እጆች ሲጋጩ ድምፁን ሰማ።

እንግዶቹ ሲወጡ ተከትሎ መኪናው ዘንድ ደረሰ።

«ጓድ ግዛቸው፣ ያ ታሪክ የእርስዎ አይደለም። ዛሬ ሊያለቅሱላቸው የመጡት ሰውዬ ታሪክ ነው።»

ግዛቸው መሳፈሪያው ላይ አንድ እግሩን እንደሰቀለ አየው። አልደነገጠም። «የጻፍከው አንተ ነህ?» አለና በሥጋ ስብ የወዛ መዳፉን የታረቀኝ ጉንጭ ላይ አሳርፎ መታ መታ አደረገው። «ግሩም አድርገህ ጽፈሃል። ሸንጎ ስንገባ አንረሳህም።»

መኪናው ከሄደ በኋላ ታረቀኝ ከእንሰቱ ጀርባ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን በቅጠል ፈተገ። ቀና ሲል እናቱ ቆማለች።

«ለዚያ ሰው ማን ነገረው?» አለችው።

ሊዋሻት ይችል ነበር። «እኔ ነኝ» አላት። እንዴት እንደጻፈውና ለምን እንደጻፈው አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሙሉካ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«አባትህ ገበያ ላይ ሲነበብ ሰምቶት መጣ» አለች። «ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኖ ነው የገባው። ‹ሙሉካ፣ እንደኔ የቆመ ሌላ ሰው ነበር ለካ› አለኝ። ዕድሜ ልኩን እሱ ብቻ የተዋረደ ይመስለው ነበር።»

ወደ ዳሱ ተመለሰች። ቅዳሜን ሙሉ አላናገረችውም።

እሑድ ጠዋት ከፈለኝ መዝገቡን ይዞ መጣ፤ ለቀስተኛው ተሰልፎ ወጣ። ሙሉካ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ከፈለኝ ነገ የስኳርና የጨው ራሽን እንደሚታደል፣ ያልመረጠ ሰው እንደሚጠየቅ አስታወሳት። ስሜን ሰርዘው አለችው፤ ከዚያም ፊቷን አዞረች። እሱም ከባልቴት ጋር መጨቃጨቁን ፈርቶ ይሆናል፣ ትቷት ሄደ።

ታረቀኝ ሰልፉ ውስጥ ነበር። በመንገዱ ሁሉ ወረቀቱን እንደሚያበላሸው፣ ሦስቱንም ሥዕል በአንድ መስመር እንደሚሰርዘው ለራሱ ይነግር ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ጎንበስ ሲል ከኋላው የእርጥብ ጎማ ሽታ መጣ። ከፈለኝ ቆሞ ያይ ነበር። አባቱ ቢኖሩ ከቀጭኔው ጎን በሙሉ ልባቸው ምልክት ያደርጉ ነበር። ታረቀኝም ከቀጭኔው ጎን ምልክት አደረገ፤ ወረቀቱን አጥፎ ከተተ። አንዲት የኮሚቴ አባል እንኳን ደስ ያለህ አለችው።

ቤት ሲደርስ ዳሱ ባዶ ነበር። እናቱ ምሳ አቅርባ ትጠብቀዋለች። ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ለመግባትም ለመመለስም አልቻለም። ምን እንዳደረገ አልጠየቀችውም። ጆጉን አንሥታ መጣችና አስታጠበችው። እጆቹን ዘረጋ። ውሃው ሲወርድ አላሻቸውም፤ እንደተዘረጉ ተዋቸው። ሙሉካ ጆጉ እስኪያልቅ አፈሰሰች። ሲያልቅ ሄዳ እንደገና ሞላችው፤ ተመልሳም ማፍሰስ ቀጠለች።