ሠላሳ ሁለት ጥርስ

በጠመኔ የተቀባችው ጥርስ ሁለት ጊዜ ተቆጥራ ነበር። ሴትዮዋ ይህን ያወቀችው አዲሱ ማርሽ ተቆርጦ፣ ዘይቱ ተጠርጎ፣ ገና እንደሞቀ መዳፏ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አሮጌው ሠላሳ ሁለት ጥርስ፣ አዲሱ ሠላሳ ሦስት። እንዳልሳሳት ብላ አሮጌውን ሦስት ጊዜ ቆጥራው ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ከጠመኔው ምልክት ጀምራ፣ ዞራ ስትመጣ ያችኑ ደግማ ቆጥራለች።

ፊቷ አመድ መሰለ።

ወርክሾፑ ከሥራ መልስ እጃቸውን ማፍታታት የሚወዱ ሰዎች በጋራ የተከራዩት አዳራሽ ነው። በሩ በሰንሰለት እየተጎተተ ወደ ላይ የሚጠቀለል ብረት ሲሆን፣ የሚያንቀሳቅሰው የነሐስ ማርሽ ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ግማሽ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልተዘጋም፤ አባላቱ ተራ ገብተው ያድሩበታል። በጓሮ ያሉት ባለሱቆች ሌባ በወርክሾፑ በኩል ይገባብናል ብለው አከራዩን ቁም ስቅሉን አሳዩት። እሱም ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት መጥቼ በሩ ካልተቆለፈ፣ ሰኞ ማሽኖቻችሁን ጭናችሁ ትወጣላችሁ አለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ስምንት ሰዓት አልፏል።

እዚህ ሁሉም የሚጠራት «የልጅቷ እናት» ብሎ ነው። ልጇ አባል ስትሆን፣ ማሽን ጣቷን ይቆርጣታል ብላ ልትጠብቃት ተከትላት መጣች። ልጅቷ በወሩ ሰለቻትና ተወችው፤ እናትየዋ ቀረች። ያልመጣውን መከራ ማሰብ ጋብ የሚልላት ማሽን ፊት ስትቆም ብቻ ነው። ይህ ቦታ ከተዘጋ የት ትሄዳለች?

የማርሽ ጥርስ የሚያወጣውን ማሽን ያስተማሯት ጡረታ የወጡ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ባለሙያ ናቸው። ሻይ እንኳ ለክተው ነው የሚጠጡት ተብለው ጋሽ ሚሊሜትር ይባላሉ። ዓይናቸው ስለደከመ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትሠራለች። መቁረጫው እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ነው፤ ክቡ ነሐስ ከፊቱ ይዞራል። ሠላሳ ሁለት ጥርስ ለማውጣት፣ መቁረጫው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሲዞር ክቡ አንዴ ብቻ መዞር አለበት። ሁለቱን የሚያስማሙት ከጎን የሚቀያየሩ ትንንሽ ማርሾች ናቸው። እሷ ያሰረችው የሠላሳ ሦስቱን ነው።

ከአባላቱ አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው። በስህተት የተቆረጠውን አዲሱን ማርሽ ተቀብሎ ወደ መብራቱ አዞረው።

«ሰው እንኳ ሠላሳ ሁለት ነው ያለው። ትርፏን ልንቀላት?»

ማልቀስ አምሯት ሳለ ሳቋ አመለጣት።

ጋሽ ሚሊሜትር አንድ የነሐስ ክብ ብቻ መቅረቱን ነግረው፣ እሱን እንድትቆርጥ አዘዟት። እሷም በጄ አላለችም፤ ዶክተሩ ይሥራው፣ እኔ ይህንንም አጠፋዋለሁ ብላ ለመነቻቸው።

«ዶክተሩ በራሱ ይተማመናል» አሉ። «በራሱ የሚተማመን ሰው ደግሞ አይቆጥርም። አንቺ ቁጠሪ፣ ልጄ።»

አሮጌውን ማርሽ በጨርቅ አሽታ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ጉቶ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፈችበት። የመጨረሻው ሠላሳ ሁለት ሆነ። የማሽኑን ትንንሽ ማርሾች ፈታ ቀየረች። ከዚያ በፊተኛው ያላደረገችውን አደረገች፤ መቁረጫው ነሐሱን ጫር ብቻ እንዲያደርገው አስጠግታ አንድ ዙር አዞረችና አቆመች። በጭረቶቹም ላይ ቁጥር ጻፈች። ሠላሳ ሁለት። ዶክተሩም ቆጠረ፤ ሠላሳ ሁለት።

«በይ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር፣ «አስገቢው።»

ማሽኑ ተነሣ። በሐሳቧ መቁረጫው ተሰበረ፣ ስባሪው የዶክተሩን ዓይን አጠፋ፣ እሷም ፍርድ ቤት ቆመች። እጇ ማቆሚያው ላይ እንደሆነ ቀረ፤ አልተጫነችውም። ቢጫ ፍቅፋቂ ከዘይት ጋር እየተግበሰበሰ ወረደ፤ ጥርሶቹ ሁሉም አብረው እየጠለቁ፣ ጀርባቸው እየተሞረደ ብቅ አሉ። ማሽኑ ሲቆም ጋሽ ሚሊሜትር ማርሹን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆጠሩት። ዙሩን ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ግንባሯን ሳሙት።

አከራዩ ሲደርስ ዶክተሩ ማርሹን ገጥሞ ገና ከመሰላል እየወረደ ነበር። ሁሉም ውጭ ቆመዋል። ሰውየው ማንንም ሳያምን በውጭ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት ራሱ ያዘና ጎተተ። በሩ ሳያንገራግር፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ መሬት ነካ። መልሶ አወጣው፤ መልሶ አወረደው። እንከን ፍለጋ አንጋጦ ቢያይ የሚያብረቀርቅ ነሐስ አገኘ፤ ከየት ገዛችሁት አለ።

ጋሽ ሚሊሜትር በአገጫቸው ወደ እሷ አመለከቱት። «የልጅቷ እናት።»

«የየትኛዋ ልጅ?»

ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ፊት ሁልጊዜ አንገቷን ትደፋ ነበር። አሁን ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለችው።

 አከራዩ ለባለሱቆቹ የሚነግራቸው ነገር እንዲኖረው፣ ሰኞ በስንት ሰዓት እንደሚከፍቱ ጠየቀ።

«በአሥራ አንድ» አለችና ጎንበስ ብላ፣ ጓጉንቸሩን ከቀለበቱ አስገብታ ቁልፉን አዞረች።