መብራት ሲጠፋ የሚቆለፈው በር

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከአብደራፊ ወዲህ ያለው የመንግሥት እርሻ ለሰሊጥ መጋዘኑ የኤሌክትሪክ መቀርቀሪያ ያዘዘው ከተሰረቀ በኋላ ነው። አምና መከሩ ገብቶ ሳያልቅ ብዙ ጆንያ ሰሊጥ ጠፋ፤ ድንበር ማዶ ገላባት ገበያ ላይ ታየ ተባለ። ሰጠኝ የሚባለው የመጋዘኑ ኃላፊ ቁልፉ በኪሱ እያለ ተያዘ። «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚል ስም ወጣለትና ወደ ጎንደር ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም። በሱ ቦታ የተተካችው ጥሩአየሁ ናት፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ነገር የማታበዛ ሴት።

ዘንድሮ፣ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ እንግዳው የሚባል ቴክኒሺያን ሁለት ካርቶን ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሙሉአለም ምርጫውን ለጥሩአየሁ ተወላት። ለክብሯ ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ነገ የሚጠየቀው የመረጠ ነው።

እንግዳው ሁለቱን ብረቶች አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረ።

«ሁለቱም ከቢሮሽ ሆነሽ ማብሪያውን ስትጫኚ በሩን ይለቃሉ፤ በሩ ሲገጥም ደግሞ በራሳቸው ይቆለፋሉ። የሚለያዩት መብራት ሲጠፋ ነው። ይኸኛው መብራት ከጠፋ ይከፈታል። ያኛው ግን እንደተቆለፈ ይቀራል፤ በቁልፍም አይከፈት።»

«የሚከፈተው ምን ያደርግልናል?» አለ ጓድ ሙሉአለም። «ሌባ የመብራቱን ሞተር አጥፍቶ ይግባ ነው?»

«ውስጥ ሰው ካለ እንዲወጣ ነው፣ ጓድ።» እንግዳው ወደ ጥሩአየሁ ዞረ። «በሩ ተዘግቶ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ጊዜ አለ?»

ነበረ። ሳሉግ፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ማለቴ ነው፣ ወባ ሲጥለው የሚጠለልበት የለውም። የሰሊጥ ማሳ ዛፍ አያውቅም። ስለዚህ ጓደኞቹ ተሸክመው ያመጡትና የመጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ ያስተኙታል፤ በሩ ወለል ብሎ ስለሚውል ነፋስ ያገኛል። ክልክል ነው፤ ግን ሁሉም ያደርገዋል። ሰጠኝ ያደርገው ነበር፣ ጥሩአየሁም ታደርገዋለች። ይህን በጓድ ሙሉአለም ፊት ማን ደፍሮ ይናገር?

«የለም» አለች ጥሩአየሁ። «የሚቆለፈውን ግጠሙልኝ።»

እንግዳው የሚቆለፈውን ገጠመ። ከውስጥ መክፈቻ እጀታው አብሮ አልተላከም ነበር፤ «ሲደርስ መጥቼ እገጥመዋለሁ» ብሎ ሄደ፤ እንደሄደ ቀረ። እኔ በጥሩአየሁ አልፈርድም። ሰጠኝ የፊጥኝ ታስሮ መኪና ላይ ሲጫን በዓይኗ ያየች ሴት ሌላ ምን ትመርጣለች? በሽተኛ ሲመጣ ደግሞ መላ አበጅታለች፦ ደፉ ላይ ሙሉ ጆንያ ታጋድማለች፣ በሩም አይገጥምም።

ጥቅምት ላይ፣ አጨዳው በተጋጋለበት ሰሞን፣ ደምለው የሚባል የጎጃም ሰው ማጭዱን እንደያዘ ወደቀ። ጠዋት ነው ያመጡት። ጥሩአየሁ ከጆንያው ክምር ጀርባ አስተኛችው፣ እንደ ልማዷ ደፉ ላይ ጆንያ አጋደመችና ክኒን ልታመጣ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ክሊኒኩ ከእርሻው ማዶ ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

እሷ በሄደችበት ጓድ ሙሉአለም ለስብሰባ ወደ መተማ ሊወጣ ሲል በመጋዘኑ በኩል አለፈ። በሩ ክፍት ነው። «አብዮታዊ ንቃት ማለት ይሄ ነው?» አለና ጆንያውን ወደ ውስጥ ገፍቶ በሩን ገጠመው፤ ከዚያ ላንድሮቨሩን አስነስቶ ሄደ። ከክምሩ ጀርባ ሰው መተኛቱን አላየም። ቀትር ላይ መካኒኩ ፈንቴ እንደ ወትሮው ጄኔሬተሩን አጠፉ። በዚያ ሙቀት ሞተርም እንደ ሰው ማረፍ አለበት።

ጥሩአየሁ ክኒኑንና አንድ ጣሳ ውሃ ይዛ ስትመለስ በሩ ዝግ ነው። ቢሮ ገብታ ማብሪያውን ተጫነች፤ ደጋግማ ተጫነች። ከዚያ ጣሳውን እዚያው አስቀምጣ ወደ ሞተሩ ቤት ሮጠች።

«ጋሽ ፈንቴ፣ ያስነሱልኝ! ሰው ተዘግቶበታል!»

«የሞተሩ ቺንጋ፣ ቀበቶው፣ ተበጥሷል ልጄ፤ ሳጠፋው ነው ያየሁት» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ግራሶ ነው። «ከቆመው ትራክተር ፈትቼ እስካስገባ ታገሺኝ።»

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ሲዘጋ በቀትር ውስጡ ምን እንደሚሆን ቆላ የኖረ ያውቀዋል። ሳሉጉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ደምለው በሩን ሲመታ ይሰማ ነበር፤ ኋላ ግን ተወው። ሱዳን ያደገው የትራክተር ሹፌር ኸሊፋ ትራክተሩን አምጥቶ ሰንሰለት በበሩ እጀታ አሰረና መሪው ላይ ተቀመጠ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አንድ ቃል በይኝ። አንዴ ብስበው ይነቀላል፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ጥሩአየሁ ወደ ሞተሩ ቤት አየች።

«የመንግሥት በር እኮ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሰውየውሳ የማን ነው?» አለች አሰበች የምትባለው የሳሉጉ ወጥ ሠሪ። «አንቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጋሽ ፈንቴ ይደርሳሉ» አለች ጥሩአየሁ። በሩን ተደግፋ ነው የቆመችው። «በሩ ከተነቀለ ማን ነቀለው ይባላል። በሽተኛ ማን አስገባ ይባላል። ሰጠኝን የወሰደው መኪና ለእኔም አይጠፋም። ልጆቼን ማን ያበላልኛል? እስቲ ንገሩኝ፣ ማን?»

እውነቷን ነው፤ ክፋቱም እውነቷን መሆኑ ነው። ትራክተሩ እየተንደቀደቀ፣ ሰንሰለቱ እንደተወጠረ ሁሉም አፍ አፏን እያየ ቆመ። ቃሉ ግን አልወጣትም። ፀሐይዋ ከአናት ዘንበል እስክትል ድረስ አልወጣትም።

ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። ጥሩአየሁ ቢሮ በርራ ገብታ ማብሪያውን ተጫነች፤ መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ። ከውስጥ የወጣው ትኩሳት የቆሙትን ወደ ኋላ መለሳቸው።

ደምለው እዚያው በሩ ሥር ነበር። እየዳኸ መጥቶ ነፋስና የደጁ ንግግር በሚገባበት ክፍተት አፉን ደፍቶ ተኝቷል። በሕይወት አለ። ወጥ ሠሪዋ አሰበች ቀና አድርጋ ያዘችው፤ ጥሩአየሁ ጣሳውን አምጥታ ተንበርክካ ውሃ አጠጣችው። ክኒኑንም አስዋጠችው።

ከጠጣ በኋላ ዓይኑን ገልጦ አያት።

«እትዬ፣ በሩ ተረፈ?» አላት።

ሊያሽሟጥጣት እንደሆነ ብላ ፊቱን መረመረች። አይደለም፤ ከልቡ ነው። ቢሰድባት፣ ቢራገማት በቀለላት ነበር። በዕድሜዋ እንደዚያች ሰዓት አፍራ አታውቅም።

«ተርፏል» አለችው።

«እሰይ» አለና ዓይኑን መልሶ ከደነ። «ልጆች አሉዎት።»