ለአስፋልትም ለኮረኮንችም

አባቴ ሞተር ብስክሌት እገዛለሁ ብሎ የተነሣው በጥር ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው። ወሬው በአንድ ቀን ቤተሰቡን አዳረሰ። ሐዋሳ ያለው ወንድሜ ማናሴ ይሄ የማይታሰብ ነው አለ። እናቴ አለቀሰችና፣ አባቴ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ስንት ማታ ከበር ላይ ቆማ እንደጠበቀችው አንድ በአንድ ነገረችን። በመጨረሻ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ከልጆቹ አዳማ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የምሠራበት ፋርማሲም ቅዳሜ ተረኛ አያደርገኝም። ስለዚህ አብሬው እየዞርኩ በዘዴ እንዳይገዛ ማድረግ የእኔ ሥራ ሆነ።

"ፊት ለፊት አትቃወሚው" አለኝ ማናሴ። "በየሄዳችሁበት አንድ እንከን ፈልጊና ተስፋ አስቆርጪው።"

እንከን ፍለጋው ለእኔ እንደማይተርፍ ማናሴ አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁም።

አባቴ መርዳሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ፓምፕ ቴክኒሻን ነበር። ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ጉድጓድ በተቆፈረበት ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር እየነዳ ፓምፕ ሲተክልና ሲጠግን ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ጡረታ የወጣ ቀን ቁልፉን አስረከበ፣ ፈረመ፣ በባጃጅ ወደ ቤት መጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር አንስቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የተከላቸውን ፓምፖች ዞሬ ማየት አለብኝ አለ። ማን ጠየቀህ ስንለው፣ ማንም አልጠየቀኝም ብሎ መለሰ፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላገኘንም።

የሚፈልጋት ሞተር ደግሞ እንደ ልብ የምትገኝ አልነበረችም። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ብትሄድ የማትደክም፣ ከአስፋልት ወጥታ ኮረኮንችና አሸዋ ውስጥ ብትገባም የማትንገዳገድ መሆን አለባት። ከሁለት መቶ ሲሲ በታች ከሆነች ረጅም መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ በጣም ከከበደች አሸዋ ላይ ስትወድቅ ብቻውን አያነሣትም። አዲሷ አትቀመስም፤ ስለዚህ ያገለገለች ትሁን። ኑሬ የሚባል ደላላ ተገኘ። ኑሬ ትሑት ሰው ነው፤ ሁለቱንም እችላለሁ የምትል ሞተር አንዱንም በደንብ እንደማትችል ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮት ነበር። አባቴ አመስግኖት፣ ፍለጋውን ጀምር አለው።

የመጀመሪያዋን ፍራንኮ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አየናት። ሰማያዊ ናት። ባለቤቷ ለመዝናኛ ብቻ ነው የነዳኋት ይላል፤ ቆጣሪዋም ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል። አባቴ በርጩማ አስመጣ፣ አጠገቧ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ። ቆጣሪውን ዞር ብሎም አላየው። የእግር ማሳረፊያዋን ላስቲክ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ አድርጎ ላስቲክ አይበላም፣ ይሄ ስልሳ ሺህ ነው ብሎ ተነሣ። ሰውዬው ተቆጣ። እኔ ደስ አለኝ። ለማናሴ ደወልኩለት፤ እሱም ደስ አለው።

ሁለተኛዋ ደንበላ ነበረች፤ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ጫፉ እንደ ማጭድ ጎብጦ አገኘው። ሦስተኛዋን ለማየት ሞጆ ወረድን። የፊት ሾኳ፣ ጉድጓድ ላይ ንዝረቱን የሚውጠው፣ ዘይት ያንጠባጥብ ኖሯል፤ ባለቤቱ ከመድረሳችን በፊት ጠርጎታል፣ አባቴ ግን የጠረገበትን ጨርቅ ግድግዳ ሥር አገኘው። አራተኛዋ መቂ ነበረች። እሷን ገና ሳትነሣ በእጁ ጀርባ ነካትና፣ ሞተሩን አሙቆ ገዢ የሚጠብቅ ሰው ጠዋት ስትቀዘቅዝ እምቢ እንደምትለው ያውቃል አለ። በርጩማውን መለሰ፣ ሰላም ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ ደስታዬ አልቆ ነበር። በየሳምንቱ ቅዳሜ ፀሐይ፣ ሚኒባስ፣ አቧራ። ኑሬ ገና ሳይነጋ ይደውላል፣ በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፣ አባቴ መነጽሩን ማድረግ ስለሚታክተው ፎቶውን እኔ እንድገልጽለት ይጠይቀኛል። ጎማው በየት በኩል ነው የተበላው? ማርሚታው ላይ ብየዳ ይታያል? ሳልወድ ሁሉንም ተማርኩት። ፋርማሲ ውስጥ እያሳለ የመጣ ሰው ካንዴላው ነው ልለው ምንም አልቀረኝም።

አምስተኛዋ ናት ያበሳጨችኝ። ባቱ ውስጥ የአበባ እርሻ ተቆጣጣሪ የሆነ ምልኬሳ የሚባል ሰው ሞተር ናት፤ ዘይት የተቀየረበትን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው። አባቴ በርጩማው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ሞተሯ ቀዝቃዛ ነበረች፤ ምልኬሳ አንዴ ሲረግጣት ተነሣች። ጥርሱ ደህና፣ ሾኩ ደረቅ፣ ፍሬኑ አዲስ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ኑሬ ተስፋ አድርጎ እጁን ማፍተልተል ጀመረ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ወደ ኪሱ ከተተና፣ ድምፅዋ አልጣመኝም አለ።

ኑሬ ራቅ ብሎ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ከአባቴ ርቄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማታ ማናሴ ሲደውል፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ እንዲገዛ ነው የምፈልገው አልኩት። የተላክሽው ለዚህ አይደለም አለ። ታዲያ ቅዳሜ አንተ ና ብዬ ዘጋሁበት።

ስድስተኛዋ አርሲ ነገሌ ነበረች፤ ከአዳማ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ። ኑሬ ከእንግዲህ አልመጣም ብሎ አድራሻውን ብቻ ላከልን። ሻጯ ቀመሪያ የምትባል እህል ነጋዴ ናት፤ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ አጭር፣ ቀሚሷን ከሱሪ በላይ የለበሰች፣ ድምፅዋ ከመጋዘኑ ውጭ የሚሰማ ሴት። በዚያች ሞተር ስንዴና ጤፍ የምትገዛባቸውን ገጠሮች አምስት ዓመት ዞራባታለች። አሁን አይሱዙ ስለገዛች ቀይዋ ሞተር ከከረጢቶቹ መካከል ቆማ ትውላለች።

በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የከብቱም የዝናቡም ተጠየቀ። ከዚያ አባቴ በርጩማ ለመነ። ተቀመጠ። ጀመረ። የኋላ ጎማዋ አልቋል። የመሪዋ ጫፍ ተፍቋል፣ ስለዚህ ወድቃለች። ታንከሯ በውጭ ተቀብቷል፣ በውስጥ ማን ያውቃል።

ቀመሪያ እጇን አጣምራ ሰማችው። "ኦቦ መርዳሳ፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው" አለች። "ግን ሞተር ሳይቀመጡበት እንዴት ይተቻል? ይውጡባትና ከዚያ ይናገሩ።"

አባቴ ግድ የለም፣ ማየቱ ይበቃኛል አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየኝ። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንዷም ሞተር ላይ ተቀምጦ አላየሁትም። በርጩማ ላይ እንጂ።

ምክንያቱ ቢገባኝ ኖሮ ዝም እል ነበር። እኔ ግን መግዛት ሳይፈልግ ስድስት ቅዳሜዬን የበላ መሰለኝ።

"አባዬ፣ ወይ ውጣባት፣ ወይ ዛሬ ይሄን ነገር እንተወው" አልኩት። "እኔ በቃኝ። ሰዉን ሁሉ አዋረድነው።"

በርጩማውን ገፍቶ ተነሣ። ፊቱ ተለዋውጧል። መሪዋን ያዘ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ አነሣ፤ እግሩ እስከ መቀመጫዋ ደረሰና እዚያው ቀረ። ከዚያ አላልፍ አለው፣ መመለስም አልቻለም። ሞተሯ ከማቆሚያዋ ወጥታ ወደ ማዶ ዘነበለች፣ አባቴንም ይዛው ወደቀች። ደግነቱ የወደቁት የስንዴ ከረጢት ላይ ነው። መስታወቷ ከግድግዳው ተጋጭቶ ተሰበረ።

ቀመሪያና እኔ ተጋግዘን አነሣነው። አልተጎዳም። ከረጢቱ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ሲያራግፍ ቆየ።

"ዳሌህ ነው?" አልኩት።

"ዳሌዬ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካለፈው ክረምት።"

ማስታገሻ እንኳ አልወሰድክም ወይ ስለው፣ እወስዳለሁ አለ። ከየት እንደሚገዛው ጠየቅሁት። ፖስታ ቤቱ ጋ ካለው ፋርማሲ። እኔ የምሠራበት ፋርማሲ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሱ ግን እኔ እንዳላውቅ ከተማውን አቋርጦ ይሄድ ኖሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ማልቀስ አማረኝ፤ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት።

የምልኬሳ ሞተር ላይ እንከን አጥተህ ነበር አይደል ስለው፣ አንድም እንከን አልነበረባትም አለ። "ቁመቷ ብቻ። የሁሉም ቁመታቸው ነው። ድሮ እንደዚህ አልነበሩም መሰለኝ።" ከዚያ ዳሌውን ዳበስ አድርጎ፣ "እነሱ ያው ናቸው" አለ።

ቀመሪያ ወደ መጋዘኑ ጓዳ ገብታ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። የሞተር መቀመጫ ነው፤ ስፖንጁ ከመሃሉ ተቆርጦ ጎድጓዳ የሆነ።

"እኔን ይዩኝ፣ ኦቦ" አለች። "ቁመቴ ከዚህ ከረጢት አይበልጥም። ስገዛት እግሬ መሬት አይነካም ነበር። መቀመጫ ሰሪ ዘንድ ወስጄ አስቆረጥኩት፣ የኋላ ሾኳንም ጋራዥ አስወረድኩት። ሞተሯ ለእኔ ታጥራለች እንጂ እኔ ለሞተሯ አልረዝምም።"

ረጅሙን መቀመጫ መልሳ የገጠመችው ጎረምሳ ገዢዎች ዝቅ ያለችውን የሴት ናት እያሉ ስለሚንቋት ነበር። በአንድ ቁልፍ ፈታችው፣ የራሷን ገጠመች። ከዚያ አወጣጡን አሳየችው። ሞተሯን በማቆሚያዋ አቆመች፣ ግራ እግሯን ማሳረፊያው ላይ አድርጋ ቆመች፣ ቀኝ እግሯን ከኋላ ሳታዞር ጉልበቷን አጥፋ ከፊት፣ በታንከሩና በመቀመጫው መካከል አሳለፈች። ቀሚሷ ምንም አላወካትም።

አባቴ ሦስት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው ተቀመጠ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ነኩ። ቁልፉን አዞረ፣ ፍሪሲዮኑን ያዘ፣ ማርሽ አስገባ፣ እኛን ሳያስፈቅድ በመጋዘኑ በር ወጣ። ቀመሪያ ፍርሃቴን አይታ፣ በርጩማውን ሰጠችኝ። ሃያ ደቂቃ ቆየ። ሲመለስ አቧራ ለብሶ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ማሳ ለማሳ ሄዶ ኖሯል።

ከዚያ ዋጋ ሲከራከር፣ መስታወቷ ተሰብሯል አለ።

"የሰበሩት እርስዎ ነዎት" አለችው ቀመሪያ።

"ማን ሰበረው አላልኩም። ተሰብሯል ነው ያልኩት።"

ጭንቅላቴን ከረጢት ላይ አስደገፍኩ። ሁለቱ ግን ተግባብተው ነበር፤ እየተሳሳቁ ተስማሙ።

እኔም የራሴን ውል አስገባሁ፤ ሐኪም ሳያየው ቁልፉን አይነካም። ሰኞ ሆስፒታል ወሰድኩት፣ ግማሽ ቀን ተሰለፍን፣ ራጅ ተነሣ። የዳሌው መገጣጠሚያ ተበልቷል። ሐኪሙ መንዳቱን አልከለከለም፤ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይወርድ እንዳይቀመጥ አዘዘው። አባቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማው አልከለከለም የሚለውን ነው። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ተቆጣች፤ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ሕመሙን ስለደበቃት። ማናሴ ግን የሰማው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው።

ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ ስም ለማዞር አርሲ ነገሌ ተመለስን። ቢሮው ውስጥ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ላከን፣ ሌላው ፎቶ ኮፒ አስመጣን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሞተሯን የሚነዳት ልጃቸው ነው ወይ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እሳቸው ናቸው አልኩት። አባቴን ቀና ብሎ አየውና ማኅተሙን መታ።

የተስማማነው እሱ ከፊት ቀስ ብሎ እንዲሄድ፣ እኔ በሚኒባስ እንድከተለው፣ ቡልቡላ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀኝ ነበር። ቡልቡላ ላይ የለም። ስልክ አያነሣም። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቀይ ነገር ሁሉ ሞተሯ እየመሰለኝ፣ ከፊቴ የተቀመጡትን ሰዎች እየገፋሁ በመስኮት ሳጮልቅ ሄድኩ። ሚኒባሱ ባቱ ሊገባ ሲል ስልኬ ጮኸ።

"የት ቀረሽ?" አለኝ። "ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው።"

ወርጄ አገኘሁት። አንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ቀኝ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊቱ ላብ በላብ ነው። የምናገረውን በመንገዱ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አብዛኛውንም ተናገርኩት። ዓሣውን ወደ እኔ እየገፋ ሰማኝ።

"ያምሃል?" አልኩት ሳበቃ።

"ያማል።" ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። "ከአርሲ ነገሌ ይልቅ ለአዳማ ቅርብ ነን ብዬ ራሴን እያታለልኩ ነው የመጣሁት።"

ሞተሯን እዚሁ አሳድረን በሚኒባስ እንሂድ አልኩት። አሰበበት። የእውነት አሰበበት። ከዚያ ሰዓቱን አየና፣ መቂ ላይ እቆማለሁ፣ ሞጆ ላይ እቆማለሁ፣ አሁን ግን ግማሽ ሰዓት ልረፍ አለ። አረፈ። እኔም ዓሣዬን በላሁ፤ ጥሩ ዓሣ ነበር።

ሲነሣ ወደ ሞተሯ ሄደ፣ መሪዋን ያዘና ቆመ። ሊወጣ የፈለገ መስሎኝ ጠበቅሁ። ዞሮ አየኝ።

"ሚልካ፣ ያዢልኝ" አለኝ።

ከኋላ በኩል ሄጄ በሁለት እጄ ያዝኳት። በእጁ የሱሪውን ጉልበት ይዞ እግሩን አነሣው፣ በታንከሩና በመቀመጫው መካከል አሳለፈው፣ ተቀመጠ። ከባድ ነበረች፤ ክብደቷን ከእጄ ሲወስድ ተሰማኝ። መቂ ላይ ሳትቆም ብታልፍ አልፋታህም አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ ገባ።

የሚቀጥለው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅሁ። በዚያ መካከል ማናሴ ሦስት ጊዜ ደወለ። በአራተኛው አነሣሁለትና፣ መቂ ላይ እደውልልሃለሁ አልኩት።