ጥፍር የምታህል ግራጫ

ልብስ ሰፊዋ የመኪና መወልወያ ማሽኑን በሁለት እጇ ይዛ መኪናው ፊት ከቆመች ሩብ ሰዓት አለፋት። ማብሪያውን ግን አልነካችውም። በሃያ ዓመት የስፌት ሥራዋ መርፌ ጣቷን ወግቷት ያውቃል፤ የሙሽራ ቀሚስ በመቀስ አበላሽታም ታውቃለች። እንደዛሬው ግን ፈርታ አታውቅም። ቤተሰቡ «ጥንቅቅ» እያለ የሚጠራት ደግሞ እሷን ነው።

መኪናው የአባቷ ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው የራሴ ያሉት ይህንን ጥቁር ሰማያዊ መኪና ብቻ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ሞራ ዓይናቸውን ሲጋርደው መንዳቱን ተዉ። በየቅዳሜው ማጠቡን ግን ማንም ሊያስተዋቸው አልቻለም። በዳበሳ፣ በአንድ ሻካራ ጨርቅ፣ አሸዋው በቅጡ ሳይለቅ ክብ ክብ እያደረጉ ያሹታል። ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው «እንዴት ነው? ያበራል?» ይሏታል።

«ያበራል አባባ።»

አያበራም። ፀሐይ ሲያርፍበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸረሪት ያደራበት ይመስላል። መጀመሪያ እንዳይከፋቸው ብላ ነበር የዋሸችው፤ በኋላ ግን እውነቱን መናገሪያው ጊዜ አመለጣት።

ትናንት አንዱ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዛሬ ፋሻው ይነሳል። ታላቅ ወንድሟ ጠዋት ይዟቸው ወጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ያኔ ሁሉንም ያያሉ፤ የመኪናቸውን መልክም፣ የእሷንም ውሸት።

ማሽኑን ያዋሳት ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው መኪና ቀቢ ነው። ማሽኑ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ስፖንጅና ነጩን መወልወያ ቅባት እየሰጣት፣ «ስሚኝ እህቴ፣» ነበር ያላት፤ «ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን አለ። የምትፍቂው እሱን ነው፤ ከወረቀት ይሳሳል። አንድ ቦታ ላይ እንዳትቆሚ። በየመሃሉ ብረቱን በእጅሽ ንኪው፤ ከጋለ ተዪው። ጠርዙን በሙሉ ፕላስተር ለጥፊበት። ጠርዝ ላይ ሽፋኑ የለም ብትዪ ይሻልሻል።»

«ብሳሳትስ?»

«አትሳሳቺ፣» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በመጨረሻ ትንፋሿን ይዛ ማብሪያውን ተጫነችው። ስፖንጁን ብረቱ ላይ ሳታሳርፍ ነበር ያስነሳችው፤ ነጩ ቅባት እንደ ጉድ ተረጨ። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ገመድ ላይ የተሰጣው አንሶላ፣ የራሷ ቅንድብ ሳይቀር ነጭ ሆነ። ማሽኑም እጇን ይዞ ሊሮጥ ቃጣው። አጥፍታው ደረቷን ይዛ ቆመች። «ወይ ጣጣዬ!»

ሁለተኛውን ጊዜ ስፖንጁን አስቀድማ አሳረፈችና በዝቅተኛው ፍጥነት ጀመረች። ረጅም ስፌት እንደምትሰፋ ሁሉ በቀስታ ወሰደችው፣ በቀስታ መለሰችው። አቁማ በመዳፏ ነካች፤ ለብ ብሏል። ደግማ ነካች፤ አሁንም ለብ ያለ ነው። ድምፁ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ታነሳዋለች። ቅባቱን በለስላሳ ጨርቅ ስትጠርገው ግን ድሩ የለም። ሰማዩ ጣራው ላይ ተኝቷል፤ ነጭ ቅንድብ ያላት ሴትም ከውስጡ ታያታለች። ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች።

ጣራውን፣ የቀኙን በሮችና የኮፈኑን አብዛኛውን ክፍል ጨርሳ ወደ ኮፈኑ አፍንጫ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«ጨርሰናል። ወረፋ አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብን ነው።»

«እንዴ! ከሰዓት በኋላ አላልክም?»

«ምነው፣ ደስ አይልሽም? የመኪና ታርጋ እያነበቡ እኮ ነው!»

ስልኩን ዘግታ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ከኮፈኑ ጠርዝ ላይ የለጠፈችው ፕላስተር ተላቆ እንደተንጠለጠለ አየች። ልመልሰው አለችና ጊዜ የለኝም ብላ ተወችው። ፍጥነቱን ጨመረች። መዳፏን ማሳረፉንም ዘነጋችው።

አፍንጫዋን የሚቃጠል ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ መታት።

አጥፍታ ጠረገች። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ግራጫ ወጥታለች፤ ከቀለሙ ሥር ያለው መሠረቱ ነው። ስፖንጁን ገልብጣ ስታየው ሰማያዊ ሆኗል። በጨርቁ ደግማ ጠረገች፤ ግራጫዋ ፍክት አለች። ቀቢው ጋ ደወለች።

«ሰማያዊ ቀለም ስፖንጁ ላይ ካለ አለቀ፣» አላት። «ምንም አትንኪው። በኋላ እኔ እቀባዋለሁ።»

«አሁን እኮ ነው የሚመጡት!»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል እህቴ።»

መኪናውን አዙራ አፍንጫውን ከግድግዳው ልታስጠጋው ቁልፍ ፍለጋ ሮጠች። ቁልፉን አግኝታ ስትወጣ የግቢው በር ተከፈተ።

አባቷ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ገቡ። ትከሻውን ለቀቁና እሷን አዩዋት። አያያቸው ረዘመ።

«ሽበት!» አሉ። «መቼ ነው ያወጣሽው? ማንም አልነገረኝም እኮ!»

ቅንድቧን ዳሰሰች። «ቅባት ነው አባባ።»

«ቅንድብሽን አላልኩም። ፀጉርሽን ነው።»

ልትስቅ ሞከረች፣ አልመጣላትም። ወገቧን ኮፈኑ ላይ አስደግፋ ቆማለች።

«ገብተው አረፍ ይበሉ እንጂ።»

«እስቲ ፈቀቅ በይ።»

«ፀሐዩ እንዳይጎዳዎት...»

«ፈቀቅ በይ ልጄ።»

ፈቀቅ አለች። አባቷ ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ወንድሟ ክንዳቸውን ያዘ፤ መጎንበስ ተከልክለዋል። በቆሙበት ግራጫዋን አዩዋት።

«እኔ ነኝ፣» አለች። «በማሽን ሳሻው አቃጠልኩት።»

አባቷ ማሽኑ ወዳልደረሰበት ወደ ግራው ጎን ዞሩ። ፀሐይዋ የፊተኛው በር ላይ ጠንክራ አርፋለች። መነጽራቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ።

«ይኼስ የማን ሥራ ነው?»

ወንድሟን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል።

«የእርስዎ እጅ ነው አባባ። ጨርቁ አሸዋ ይይዝ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

«በየሳምንቱ ስጠይቅሽ...»

«ዋሸሁዎት። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

አባቷ መነጽራቸውን መለሱ። «የተላጠው ይቀባል፣» አሉ። «እኔ ግን ዓይኔን ነበር የታመምኩት። እንደ ሕፃን ማባበል ምን ይሉታል?» ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት።

ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ወንድሟ «ይበርድላቸዋል» ብሏት ወደ ሥራው ሄደ። እሷ ግን በሩን በሩን ታያለች። በሩ ቢከፈትም ፈራች፣ ባይከፈትም ፈራች። ተነስታ የማሽኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

መስኮቱ ተንኳኳ። አባቷ ወንበር ስበው ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ አቧራ ስለተከለከሉ አይከፍቱትም። በጣታቸው የመኪናውን ግራ ጎን አሳዩዋት።

«ጨርሺው!»

«እጄ ይንቀጠቀጣል!»

«ምን?»

«እጄ! ይንቀጠቀጣል!»

«ታዲያ ቀስ በያ! እኔ አይሻለሁ!»

ጠርዙን ሁሉ ድርብ ፕላስተር ለጠፈችበት። ማሽኑ ሲነሳ ያ ሽታ እንደገና የመጣባት መሰላት፤ አልመጣም። አባቷ ከመስታወቱ ጀርባ ጠባብ ቦታ ላይ የሚያቆም ሹፌር እንደሚመሩ ሁሉ በእጃቸው ይመሯታል። መዳፋቸው ሲወርድ ቀስ ትላለች፤ ሲያወናጭፉት ቦታ ትለውጣለች። ሁለት ጊዜ እጃቸውን ጨብጠው አነሱ። ሁለቱንም ጊዜ አቁማ ብረቱን ስትነካው መጋል ጀምሯል። አንዱ በር ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደባት። 

ማሽኑን አጥፍታ የመጨረሻውን በር ስትጠርግ አባቷ ወጥተው አጠገቧ ቆመዋል።

«ከእጀታው ሥር አንድ ጭረት ቀርቷል፣» አለች ሳይጠይቋት። «ጠለቅ ያለ ነው። ብገፋበት አቃጥለዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ጠጋ ብለው አዩት። «ይቅር፣» አሉ። 

ቀቢው በሳምንቱ መጥቶ ጠርዙን ቀባው። ቀለሙ ትንሽ ነጣ ስላለ አባቷ ሁለት ቀን ሙሉ ሲነዘንዙት ሰነበቱ። ከእሷ ጋር ግን ቃል ይቆጥቡ ነበር።

የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ሲደርስ ወንድሟ እራት ላይ ከሥራ ፈቃድ እንደጠየቀ ነገራቸው።

«አንተ ሥራህን ሥራ፣» አሉት። «ከእሷ ጋር ነው የምሄደው።»

ልብስ ሰፊዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በስንት ሰዓት ነው?»

«በጠዋት። ደግሞ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳታስቀሪ ነው የምትነግሪኝ።»

«እሺ አባባ።»