የወጌሻ አዛናው እባጭ

ወጌሻ አዛናው ቀኝ ክንዱን አቅፎ ወደ ጤና ጣቢያችን ሲገባ ደስ አለኝ። ነርስ ነኝ፤ በሰው ሕመም ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር፤ አለኝ ግን። የመተማ ሙቀት አናት የሚበሳበት የሚያዝያ ቀን ነበር፤ አግዳሚ ወንበሩ በታካሚ ተሞልቷል።

ይህ ሰው ስብራት ሲያሽ ኖሮ፣ በኋላ እባጭ በምላጭ መቁረጥም ጀመረ። የወንድሜን የትዕዛዙን የክንድ እባጭ የቆረጠው እሱ ነው። ትዕዛዙ ያኔ ሽንፋ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። ክንዱ ላይ፣ ከብብቱ ዝቅ ብሎ፣ ሲነኳት እስከ ጣቱ የምትነዝረው ትንሽ እባጭ ወጣችበት። አዛናው በምላጭ ከፍቶ ጎትቶ አወጣት። በማግስቱ የትዕዛዙ ጣቶች ማርሽ መጨበጥ አቃታቸው። እባጯም ዓመት ሳይሞላት እዚያው ቦታ ላይ ተመልሳ አደገች።

አዛናው ታዲያ ጥፋቱን ለራሱ መች አደረገው። "እኔስ ነቅዬለት ነበር፤ ቁስሉ ሳይሽር ሴት ነክቶ ነው" ብሎ በገበያው አስወራ። ለትዕዛዙ ውዴ የምትባል ልጅ ታጭታለት ነበር። ወሬው ቤታቸው ሲደርስ አባቷ ቃሉን አፈረሰ።

ወንድሜን ጎንደር ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ነርቭን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር እያመሳሰለች አስረዳችን። ነርቩን ዙሪያውን የሚጠቀልሉት ሽዋን የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ እባጩ የሚነሳው ከእነሱ ነው። "ግን ብቻቸውን አያድጉም" አለች። "ውስጥ ያለው ነርቭ ራሱ እደጉ እያለ መልእክት ይልክላቸዋል። ጤነኛው ሲበቃው ያቆማል፤ የታመመው ማቆም አያውቅም።" አዛናው ከነርቩ ከፊሉን በጥሶ የእባጩን ሥር ትቶት ነበር። የቀረው ሥር ከነርቩ ጎን ተቀምጦ መልሶ አደገ። ሴት የሚባል ነገር የለበትም።

ትዕዛዙ ዛሬ የዚሁ ጤና ጣቢያ ጥበቃ ነው። አዛናው ሲገባም በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"ሲስተር፣ እስቲ በሩን ዝጊው" አለኝ አዛናው።

አልዘጋሁትም። ክንዱ ላይ የወጣውን እባጭ ጫን ሳደርገው አዛናው በሕመም ዘለለ።

"እስከ ጣትዎ ነዘረዎት?"

"አዎ። ወደ ጎንደር ላኪኝ።"

"ለምን? ሙያውን ያስተማሯቸው ልጆች በምላጭ አይቆርጡልዎትም?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አጉተመተመ።

"ጮክ ብለው ይንገሩኝ፣ ጋሽ አዛናው። ምክንያቱን ሳልሰማ አልልክም።" እንዲህ ያለ ደንብ የለም፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

"ከጅማት ጋር የተያያዘ ነው" አለ፤ ነርቩን ማለቱ ነው። "ሲቆረጥ እጅ ይሞታል።"

"ይህን መቼ አወቁ?"

ላቡን ጠረገ። "የትዕዛዙ ጊዜ።"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ታካሚዎች ወደ ተከፈተው በር ዞሩ።

"ታዲያ ሴት ነክቷል ያሉትስ?"

"ምን ላድርግ፣ ሰው እንዳይሸሸኝ ብዬ ነው።"

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር፤ ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ትዕዛዙ ሰምቶ ወደ ውስጥ ገባ። አዛናው ከወንበሩ ተነሳለት።

"በድዬሃለሁ፣ ትዕዛዙ።"

"ለእኔ ምን ይነግሩኛል?" አለ ወንድሜ ረጋ ብሎ። "እኔማ አለመንካቴን አውቃለሁ። አብርሃ ጅራ ከተማ ሂደው ለውዴ ይንገሯት።"

ውዴ እዚያ ሌላ አግብታ ልጆች እንደወለደች የማያውቅ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

መላኪያውን ጽፌ ሰጠሁት። ይዞት አልወጣም።

"ሲስተር፣ እጄ ይተርፍልኝ ይሆን?"

የጎንደር ሐኪሞች እባጩን ከነርቩ ላይ ቀስ ብለው ይለዩታል፤ በጊዜ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ይተርፋል። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ትዕዛዙም አጠገቤ ነበር።

"እንጃ፣ ጋሽ አዛናው" አልኩት።

ትዕዛዙም አላረመኝም።